ከልጆች ትምህርት ጋር የተገናዘበ የመኖሪያ ቤት አመራረጥ፦ ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች የተዘጋጀ መረጃ

ቤት የሚከራይ ወይም የሚገዛ ቤተሰብ በቅድሚያ የሚመለከተው ዋጋውን፣ የክፍሎቹን ብዛት፣ ውኃና መብራቱን ነው። ለትምህርት የደረሱ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ግን ቤት ሲመርጥ የልጆቹን ትምህርት ቤት፣ የጉዞ መንገድና የማስተማሪያ ቋንቋም አብሮ ይመርጣል። ውል ከተፈረመ በኋላ እነዚህን ማስተካከል አስቸጋሪ በመሆኑ አስቀድሞ ማጣራት ይገባል። ይህ ጽሑፍ በተለይ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ቤት ለሚፈልጉ ወላጆችና አሳዳጊዎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ አብዛኛው ሐሳብ በሌሎች ከተሞች ለሚኖሩም ያገለግላል።

1. የልጆችዎን የክፍል ደረጃ አስቀድመው ያስሉ

በሥራ ላይ ባለው የትምህርት ሥርዓት የ1ኛ ደረጃ ትምህርት ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል፣ የመካከለኛ ደረጃ 7ኛና 8ኛ ክፍል፣ የ2ኛ ደረጃ ደግሞ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ነው። ከ1ኛ ክፍል በፊት የ2 ዓመት ቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት አለ። በ6ኛና በ8ኛ ክፍል መጨረሻ ተማሪዎች ክልል አቀፍ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ ከተማ አቀፍ ፈተና ይወስዳሉ። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ይሰጣል።

ስለዚህ ዛሬ በአቅራቢያው የ1ኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለው ቤት ከ2 ዓመት በኋላ ለዚያው ልጅ ላይመች ይችላል። ለምሳሌ በመጪው መስከረም 5ኛ ክፍል የሚገባ ልጅ ካለዎት፣ በሦስተኛው ዓመት የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስፈልገዋል። በአካባቢው ያለው ትምህርት ቤት ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በአንድ ግቢ የሚያስተምር ነው ወይስ በ6ኛ ክፍል ያበቃል? ቀጣዩ የ2ኛ ደረጃ ትምህርት ቤትስ ምን ያህል ይርቃል? በቤቱ ለመኖር ያሰቡትን ዓመት ከእያንዳንዱ ልጅ የክፍል ደረጃ ጋር በወረቀት ላይ አስተያይተው ይመልከቱ።

2. ቤቱ የሚገኝበትን አስተዳደር ያረጋግጡ

በአዲስ አበባ ዳርቻ የሚገኙ ሰፈሮች በገበያና በትራንስፖርት የተያያዙ ቢሆኑም ሁሉም በአንድ አስተዳደር ሥር አይደሉም። በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና በኦሮሚያ ክልል መካከል ያለው ወሰን በ2014 ዓ.ም. በስምምነት የተለየ ሲሆን፣ በከተማዋ ዙሪያ ያሉ በርካታ አካባቢዎች በሸገር ከተማ ሥር ይተዳደራሉ። የማስተማሪያ ቋንቋን የሚወስነው፣ ሥርዓተ ትምህርቱን የሚያስፈጽመውና የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተናን የሚያዘጋጀው የክልሉ ወይም የከተማ አስተዳደሩ የትምህርት ቢሮ ነው።

በአማርኛ ሲማር የቆየ ልጅ በአፋን ኦሮሞ ወደሚያስተምር ትምህርት ቤት፣ ወይም በተቃራኒው፣ ሲዛወር የቋንቋው ለውጥ ከቤቱ ለውጥ የበለጠ ሊከብደው ይችላል። በመሆኑም ደላላው ወይም አከራዩ በሚሰጡት የሰፈር ስም ብቻ ሳይወሰኑ፣ ቤቱ በየትኛው ክፍለ ከተማና ወረዳ እንደሚገኝ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ያረጋግጡ። በአካባቢው በልጅዎ ቋንቋ የሚያስተምር ትምህርት ቤት መኖሩንም በዚያው ይጠይቁ።

3. የትምህርት ቤቱን ደረጃ ይጠይቁ

በአጠቃላይ ትምህርት ኢንስፔክሽን ማዕቀፍ ትምህርት ቤቶች በ26 ስታንዳርዶች ይመዘናሉ። ከአጠቃላይ ነጥቡ 25 በመቶው ለግብዓት፣ 35 በመቶው ለሂደት፣ 40 በመቶው ለውጤት የተመደበ ነው። በምዘናው መሠረት ትምህርት ቤቱ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመደባል። ደረጃ 3 ማለት ትምህርት ቤቱ ስታንዳርዱን አሟልቷል ማለት ነው። ደረጃ 1 እና 2 ግን መሻሻል እንደሚጠበቅበት ያመለክታሉ። ወላጆች ይህን ደረጃ ከትምህርት ቤቱ ወይም ከክፍለ ከተማው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሊጠይቁ ይገባል።

ደረጃው ብቻውን የተሟላ መረጃ ስለማይሰጥ በትምህርት ሰዓት በአካል ተገኝተው የሚከተሉትን ይመልከቱ፦

- በአንድ ክፍል ስንት ተማሪዎች እንደሚማሩ። በስታንዳርዱ የተቀመጠው ለ1ኛ ደረጃ 50፣ ለ2ኛ ደረጃ 40 ተማሪ ነው።
- ትምህርቱ ሙሉ ቀን ነው ወይስ በፈረቃ። በፈረቃ ከሆነ ልጁ በቀረው ሰዓት የት ሊውል እንደሚችል ያስቡ።
- ውኃና ለሴቶችና ለወንዶች የተለየ መጸዳጃ ቤት መኖሩን።
- ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልገው ልጅ ካለዎት፣ የአካቶ ትምህርት ድጋፍና የሠለጠነ መምህር መኖሩን።
- የትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ባለፉት ዓመታት በፈተና ያስመዘገቡትን ውጤት።

የ12ኛ ክፍል ውጤትን ሲመለከቱ አገራዊውን መጠን እንደ መነሻ ይውሰዱ። በ2016 ዓ.ም. ለፈተና ከተቀመጡት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንድ ትምህርት ቤት «ጥሩ ውጤት አለን» ሲል ስንት ተማሪ አስፈትኖ ስንቱ እንዳለፈ በቁጥር ይጠይቁ።

4. የመንግሥትና የግል ትምህርት ቤት ምርጫ

በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚተገበረው የተማሪዎች ምገባ እና የደንብ ልብስና የደብተር አቅርቦት የብዙ ቤተሰቦችን ወጪ ያቃልላል። በመንግሥት ትምህርት ቤት ለመመዝገብ ያሰበ ቤተሰብ ቦታ መኖሩን፣ ቅድሚያ የሚሰጠው ለማን እንደሆነና የምዝገባው ጊዜ መቼ እንደሆነ ከቤት ውሉ በፊት ይጠይቅ። በአቅራቢያ ትምህርት ቤት መኖሩ ብቻ በዚያ ትምህርት ቤት ቦታ ለማግኘት ዋስትና አይሆንም።

የግል ትምህርት ቤት የሚመርጥ ቤተሰብ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ልጁ ለሚማርበት የክፍል ደረጃ የታደሰ ፈቃድ እንዳለው ያረጋግጥ። ከወርሃዊ ክፍያው በተጨማሪ የምዝገባ፣ የመጻሕፍትና የትራንስፖርት ክፍያውን፣ እንዲሁም ክፍያው ለመጨረሻ ጊዜ መቼና በምን ያህል እንደጨመረ ይጠይቅ።

እንደ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳና ቱሉ ዲምቱ ባሉ ሰፋፊ የጋራ መኖሪያ መንደሮችም ሆነ አዲስ በሚገነቡ ሰፈሮች ቤት ሲመርጡ፣ ዛሬ በሥራ ላይ ያለውን ትምህርት ቤት ይቁጠሩ። ትምህርት ቤት ይሠራበታል ተብሎ የተያዘ ባዶ ቦታ ልጅዎ በመጪው መስከረም የሚማርበት ክፍል አይደለም።

5. የመንገዱን ዋጋና ድካም ያስሉ

ከትምህርት ቤት የራቀ ቤት በኪራይ ርካሽ መስሎ በትራንስፖርት ሊወደድ ይችላል። ለአብነት የአንድ ጉዞ ታሪፍ 20 ብር ነው እንበል። ሁለት ልጆች ደርሶ መልስ ሲጓዙ በቀን 80 ብር ያወጣሉ። ጠዋት የሚያደርሳቸውና ከሰዓት የሚመልሳቸው ሰው አራት ጊዜ ስለሚመላለስ ሌላ 80 ብር ይጨመራል። ድምሩ በቀን 160 ብር፣ በወር 22 የትምህርት ቀናት ቢታሰብ 3,520 ብር ይሆናል። በዚህ ስሌት፣ ለትምህርት ቤት ከቀረበው ቤት በ3,000 ብር የሚቀንስ ሩቅ ቤት በእርግጥ ርካሽ አይደለም።

ሰዓቱም ሊታሰብ ይገባል። አንድ ሰዓት ሄዶ አንድ ሰዓት የሚመለስ ልጅ በወር 44 ሰዓት በመንገድ ላይ ያሳልፋል። ይህ ከጥናቱ፣ ከጨዋታውና ከእንቅልፉ የሚቀነስ ጊዜ ነው።

ውል ከመፈረምዎ በፊት መንገዱን ከልጅዎ ጋር በሥራ ቀን፣ ጠዋት በመግቢያ ሰዓት ይሞክሩት። እሑድ ቀን 20 ደቂቃ የፈጀ መንገድ ሰኞ ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ሲጨመርበት እጥፍ ሊሆን ይችላል። ልጁ የሚያቋርጠውን አስፋልት፣ የእግረኛ መንገዱን፣ በክረምት የሚሞላ ወንዝ ወይም ቦይ መኖሩን በተለይ ያስተውሉ።

6. የኪራይ ውሉን ከትምህርት ዘመኑ ጋር ያጣጥሙ

በመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀናት ውስጥ ሊመዘገብ ይገባል። የውሉ ዝቅተኛ ዘመን 2 ዓመት ሲሆን፣ አከራዩ ሊጠይቅ የሚችለው ቅድመ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ ሊበልጥ አይችልም። የኪራይ ጭማሪም የሚደረገው ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ በሚወስነው መጠን ብቻ ነው።

ይህ ጥበቃ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ልዩ ትርጉም አለው። በሐምሌ የተፈረመ የ2 ዓመት ውል ሁለት ሙሉ የትምህርት ዘመናትን ይሸፍናል። በጥር የተፈረመ ውል ግን የሚያበቃው በትምህርት ዘመኑ አጋማሽ በመሆኑ፣ ውሉ ካልታደሰ ልጁ ከፈተና በፊት ትምህርት ቤት ለመቀየር ሊገደድ ይችላል። በዓመቱ መካከል መከራየት ግድ ከሆነ፣ ውሉ እስከ ሰኔ መጨረሻ እንዲደርስ ከአከራዩ ጋር አስቀድመው ተስማምተው በጽሑፍ ያስፍሩ። በቃል ብቻ የተገባና ያልተመዘገበ ስምምነት አለመግባባት ሲነሣ ቤተሰቡን ለችግር ያጋልጣል።

7. ሰነዶችን አስቀድመው ያዘጋጁ

ለምዝገባና ለዝውውር የሚጠየቁት ሰነዶች በተለምዶ የሚከተሉት ናቸው፦

- የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት፤ ከሌለ ከሲቪል ምዝገባና የነዋሪነት አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ይወጣል።
- ከቀድሞው ትምህርት ቤት የተሰጠ መሸኛና የውጤት ማስረጃ።
- የልጁ ጉርድ ፎቶግራፍ።
- የወላጅ ወይም የአሳዳጊ መታወቂያ።

ወላጆች የነዋሪነት መታወቂያቸውን ወደ አዲሱ ወረዳ ለማዛወር ከቀድሞው ወረዳ መሸኛ ስለሚያስፈልጋቸው፣ ጉዳዩን ከምዝገባው ወቅት በፊት ቢጀምሩ ይመከራል።

ማጠቃለያ

ሁሉን ያሟላ ቤት ማግኘት ሁልጊዜ አይቻልም። አቅም ውስን ሲሆን ቅድሚያ ሊሰጣቸው የሚገቡት ሁለት ጉዳዮች ናቸው፦ ልጁ በሚያውቀው ቋንቋ የሚማርበት ቦታ መኖሩና በየቀኑ በደኅና ሄዶ የሚመለስበት መንገድ። የክፍል ብዛትና የቤት ስፋት ከእነዚህ በኋላ ሊታዩ ይችላሉ። ለተጨማሪ መረጃ ቤቱ ወደሚገኝበት ወረዳ የትምህርት ጽሕፈት ቤትና የቤቶች ጽሕፈት ቤት ውል ከመፈረምዎ በፊት በአካል ቀርበው ይጠይቁ።