የጌዴኦ ጥምር የደን እርሻ

የጌዴኦ ጥምር የደን እርሻ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጌዴኦ ዞን፣ አነስተኛ መሬት ያላቸው ቤተሰቦች እንሰትን፣ ቡናንና አገር በቀል ዛፎችን በአንድ ማሳ ላይ አደራርበው የሚያለሙበት የግብርና ሥርዓት ነው። በሬና ሞፈር የማይገባበት፣ አፈሩ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል ለብሶ የሚከርም፣ ከሩቅ ለሚያየው ከተፈጥሮ ደን እምብዛም የማይለይ እርሻ ነው። «የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር» በሚል ስያሜ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በተካሄደው 45ኛው የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ጉባኤ በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም የተመዘገበው በዚሁ ጉባኤ ነው። አካባቢው ከአገር ውጭ የሚታወቀው በአብዛኛው በይርጋጨፌ ቡና ሲሆን፣ ይህ ዝና የቤተሰቡ ዋነኛ ምግብ የሆነውን እንሰትን ጋርዶታል ማለት ይቻላል።

አቀማመጥና ሕዝብ

ዞኑ የሚገኘው በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ጠርዝ ላይ፣ ከአባያ ሐይቅ በስተምሥራቅ ባለው ተዳፋት ነው። ዋና ከተማው ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በሰሜን ሲዳማ፣ በቀሩት አቅጣጫዎች ኦሮሚያ ያዋስኑታል። የጌዴኦ ቋንቋ ከሲዳምኛ፣ ከሀዲይኛና ከከምባትኛ ጋር በአንድ የኩሽ ቋንቋዎች ምድብ ውስጥ ይጠቃለላል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የዞኑ ነዋሪ 847,434 ነበር፤ በካሬ ኪሎ ሜትር ሲሰላ 700 ሰው ገደማ ይደርሳል። ተመራማሪዎችን ወደ አካባቢው የሚስባቸው ይህን ያህል ሕዝብ በተዳፋት ላይ ሰፍሮ መሬቱ አለመራቆቱ ነው።

አመጣጥ

የሥርዓቱ ዕድሜ አከራካሪ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የአምስት ሺህ ዓመት ግምት በይበልጥ የታወቀው ታደሰ ኪጴ እ.ኤ.አ. በ2002 በኔዘርላንድስ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ነው። በጥናቱ ርዕስ ላይ አምስት ሺህ ዓመት የሚለው አገላለጽ የተቀመጠው ከጥያቄ ምልክት ጋር ነው። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን የሚጠቅሱ አንዳንድ ጽሑፎች ምልክቱን ትተው ቁጥሩን ብቻ ይዘዋል፤ ለቱሪስት መጽሔት ይመች ይሆናል፣ ለታሪክ ግን ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

እርሻው እንዴት እንደተጀመረም ሁለት ዓይነት አስተያየት አለ። አንደኛው ገበሬዎቹ ደኑን ሳይመነጥሩ፣ ጠቃሚውን ዛፍ እያስቀሩና የማይጠቅመውን እያነሱ በሥሩ እንሰት በመትከል ቀስ በቀስ ወደ እርሻ ለወጡት ይላል። ሁለተኛው መሬቱ ቀድሞ ተመንጥሮ የነበረ ሊሆን እንደሚችልና ዛፎቹ በኋላ ሆን ተብለው እንደተተከሉ ይገምታል። ምናልባት ሁለቱም በየቦታው ተፈጽመው ይሆናል። ዛሬ ማሳው ውስጥ ያሉት ትልልቅ ዛፎች ገበሬው የተከላቸው፣ በራሳቸው በቅለው የተንከባከባቸው ወይም ከአባቱ የተረከባቸው በመሆናቸው፣ ማሳውን በማየት ብቻ ለአንዱ ወገን መፍረድ ያስቸግራል።

ክርክሩ ውስጥ ትክል ድንጋዮችም ይገባሉ። በዞኑ ሸንተረሮች ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ትክል ድንጋዮች አሉ፤ ጨልባ ቱቲቲ፣ ቱቱ ፈላና ሳካሮ ሶዶ ከሚታወቁት ሥፍራዎች ዋና ዋናዎቹ ናቸው። በጨልባ ቱቲቲ ብቻ ከሺህ በላይ ይገኛሉ። ፈረንሳዊው ቄስ አዛይስ በ1920ዎቹ፣ የጀርመኑ የፍሮቤኒየስ የጥናት ቡድን በ1930ዎቹ (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) ስለ ደቡብ ኢትዮጵያ ትክል ድንጋዮች ጽፈዋል። በኋላ አርኪዮሎጂስቶቹ ፍራንሲስ አንፍሬና ሮጀር ዡሶም ጥናቱን አስፋፍተዋል። ዡሶም በቱቱ ፈላ ባደረጉት ቁፋሮ የሰው መልክ የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ከፊሎቹ ቀደም ሲል በወንድ አባለ ዘር ቅርጽ ከተጠረቡ ድንጋዮች ዳግም የተሠሩ መሆናቸው ታይቷል። የድንጋዮቹ ዕድሜ ለረጅም ጊዜ ሺህ ዓመት ገደማ ተደርጎ ሲገመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት የሳካሮ ሶዶዎቹን እስከ አንደኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ወደ ኋላ ወስዷቸዋል። ግምቱ በአንድ ጊዜ በሺህ ዓመት ያህል ተሻገረ ማለት ነው።

ይህ ውጤት አንዳንድ ጊዜ የእርሻው ዕድሜ ማስረጃ ተደርጎ ይቀርባል። ይሁን እንጂ የተለካው ድንጋዩ የቆመበት ዘመን እንጂ እንሰቱ የተተከለበት አይደለም። ድንጋዮቹን ያቆሙት የዛሬዎቹ ጌዴኦዎች ቅድመ አያቶች ይሁኑ ሌሎች ነዋሪዎችም ገና አልተረጋገጠም። ዩኔስኮ በመዝገቡ የተጠቀመበት አገላለጽ ጠንቃቃ ነው፦ ሐውልቶቹ ከጊዜ በኋላ በጌዴኦ ዘንድ ክብር ያገኙና ሽማግሌዎች የሚጠብቋቸው ናቸው ይላል።

በቃል በሚተላለፈው ታሪክ የጌዴኦ አባት ደራሶ ሲሆን፣ ጉጂና ቦረና ከተገኙባቸው ከጉጆና ከቦሮ ጋር ወንድማማች፣ ለዚያውም የበኩር ልጅ ነው። ሰባቱ የጌዴኦ ጎሳዎች ከእርሱ እንደሚወርዱ ይነገራል። ሕዝቡም ሆነ አውራጃው እስከ ዘውዳዊው ሥርዓት ማብቂያ በመንግሥት ሰነዶች ሲጠራ የነበረው «ደራሳ» ተብሎ ነው።

የማሳው አሠራር

ማሳው ከላይ ወደ ታች ሲታይ በእርከን የተደራጀ ነው። ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ቆርች፣ ብሳናና ዝግባ የመሳሰሉት ዛፎች ከላይ ጥላ ይሰጣሉ። ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ዝቅ ብሎ ቡና፣ ከዚያም ጎመን፣ ቦይና፣ ጎደሬና ቅመማ ቅመም ይከተላሉ። ብርብራና ቆርች ናይትሮጅን ወደ አፈሩ የሚመልሱ ዛፎች ናቸው፤ ዋንዛ ደግሞ ቅጠሉ ለአፈር፣ እንጨቱ ለሣንቃ ይሆናል። ገበሬው ዛፉን ከሥሩ ከመቁረጥ ይልቅ ቅርንጫፉን ይመለምላል፤ ጥላው ከበዛ ብርሃን ይከፍትለታል፣ ፀሐይ ከበረታ ይተወዋል። የተመለመለው ቅጠል እዚያው ወድቆ ይበሰብሳል። ከብት ጥቂት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ታስሮ ይቀለባል፣ ፍጉም በጓሮ ላለው እንሰት ይውላል።

ከፍታው ሲጨምር የድርሻው ሚዛን ይቀየራል። በቆላማው ጠርዝ ቡናና ፍራፍሬ፣ በመካከለኛው ቡናና እንሰት በእኩል፣ በደጋው በኩል ደግሞ እንሰት፣ ገብስና ቀርከሃ ይበዛሉ።

እንሰት

እንሰት ዘሩ ተዘርቶ የሚበቅልበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ የሚባዛው ከአምቾው፣ ማለትም ከመሬት በታች ካለው ወፍራም ግንዱ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ዓመት የሆነው ተክል ይነቀልና ግንዱ ይቆረጣል፤ የማዕከሉ እንቡጥ በቢላዋ ተፈልፍሎ ይወጣል፣ ጉድጓዱ በአፈርና በፍግ ተሞልቶ ይቀበራል። እንቡጡ ካልወጣ ያው አንዱ ተክል መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ሲወጣ ግን በዙሪያው ብዙ ችግኞች ይፈላሉ፤ ከአንድ አምቾ ከመቶ በላይ ችግኝ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ችግኞቹ እየተለዩ ይተከላሉ፤ በበርካታ እንሰት አብቃይ አካባቢዎች ከአንድ ጊዜ በላይ ይዛወራሉ። ለቆረጣ የሚደርሰው እንደ ከፍታው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት፣ በደጋ ከዚያም በላይ ቆይቶ ነው። ማሳው ውስጥ የተለያየ ዕድሜ ያለው እንሰት ሁልጊዜ ስለሚገኝ፣ ዝናብ ያጠረበት ዓመት ቤተሰቡን ወዲያውኑ ለረሃብ አያጋልጠውም።

የደረሰውን እንሰት መፋቅ የሴቶች ሥራ ነው። ሴቷ ሣንቃውን በዘንበል አስደግፋ፣ የእንሰቱን ሽፋን በእግሯ ተረከዝ ረግጣ ይዛ፣ ስለት ባለው የቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ትጎትታለች። ጭማቂውና የተፋቀው ክፍል በሥር ወደ ተነጠፈው የእንሰት ቅጠል ይወርዳል፣ ቃጫው በእጇ ይቀራል። አምቾው ጥርስ ባለው መፍጫ ይደቃል። ሁሉም ተቀላቅሎ በቅጠል በታጠረ ጉድጓድ ውስጥ ተረግጦ ይዘጋል፤ ለሳምንታት ወይም ለወራት ቦክቶ ቆጮ ይሆናል። ከጭማቂው ሥር የሚዘቅጠው ነጭ ስታርች ቡላ ሲሆን፣ በገበያ ከቆጮው ይልቅ ውድ ነው። አምቾው ራሱ ተቀቅሎ ይበላል። ቃጫው ገመድና ጆንያ ይሠራበታል፤ ቅጠሉ ዳቦ ይጠቀለልበታል፣ ለከብት መኖ ይሆናል። እንሰት በኢትዮጵያ 20 ሚሊዮን ለሚሆን ሕዝብ ምግብ እንደሆነ ይገመታል፤ በፕሮቲን ደካማ በመሆኑ ግን ከጎመን፣ ከወተትና ከጥራጥሬ ጋር ካልተበላ አይበቃም።

በጥናትም ሆነ በልማት ዕቅድ እንሰት ከቡና ያነሰ ቦታ አግኝቷል። ምክንያቱ ግልጽ ይመስላል፦ ቡና ወደ ውጭ ገበያ ይሄዳል፣ ቆጮ እቤት ይበላል።

ቡና

የጌዴኦ ቡና መስፋፋት ከእንሰቱ ሲነጻጸር ቅርብ ጊዜ ነው። የታሪክ ተመራማሪው ቻርልስ ማክሌላን እንዳሳዩት፣ አካባቢው እ.ኤ.አ. በ1895 ወደ ምኒልክ ግዛት ከገባ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት ቡና ለገበያ በስፋት መተከል ጀመረ። ይህ ጊዜ የነፍጠኛና የገባር ሥርዓት የተተከለበትም ነው፤ ገበሬው በራሱ ማሳ ላይ ከሚያገኘው ቡና ለባለመሬቱ ይከፍል ነበር። በ1952 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1960) በምርት ክፍፍልና በመሬት ልኬት የተማረሩ ገበሬዎች ያመፁበትና በኃይል የታፈነው የሚጭሌ ንቅናቄ የዚህ ውጤት ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የባለመሬቱን ድርሻ አስቀረ።

የአካባቢው ነባር የቡና ዝርያዎች ኩሩሜ፣ ወሊሾና ደጋ በመባል ይታወቃሉ፤ ኩሩሜ ፍሬው ደቃቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬን የሚያበሰብሰው በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ከታየ በኋላ፣ ጅማ ያለው የምርምር ማዕከል በሽታ የሚቋቋሙ ዝርያዎችን መረጠ። ከእነዚህ 74110 እና 74112 ወደ ጌዴኦም ደርሰዋል። የቁጥሮቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. 1974 የተመረጡበትን ዓመት ያመለክታል። ታጥቦ የሚዘጋጀው ቡና ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሲስፋፋ፣ የይርጋጨፌ ስም በዓለም ገበያ ተለየ። የኢትዮጵያ መንግሥት ስሙን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ባደረገው ጥረት ከቡና ኩባንያው ስታርባክስ ጋር የገጠመው ውዝግብ እ.ኤ.አ. በ2007 በስምምነት ተዘግቷል። የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማህበራት ዩኒየን የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው።

ባህላዊ አስተዳደር

ባሌ በመባል የሚታወቀው የዕድሜና የትውልድ ሥርዓት በአባ ገዳ ይመራል። ሶንጎ የሽማግሌዎች መሰብሰቢያና የዳኝነት ሥፍራ ነው። በባህሉ ጥብቅ ተብለው ከተከለሉ ደኖች ዛፍ አይቆረጥም። ደራሮ የሚባለው የምስጋና በዓል በየዓመቱ ይከበራል።

ድጋፍና ፈተና

የቤተሰብ እርሻውን ለመደገፍ የሚሠሩት የመንግሥት የግብርና ባለሙያዎች፣ ዲላ ዩኒቨርሲቲ፣ የገበሬ ማህበራትና ዩኒየኖች ናቸው። የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ለገበሬው የመጠቀም መብቱን በጽሑፍ ሰጥቶታል፤ ዛፍ የሚተክል ሰው ጥቅሙን የሚያየው ከዓመታት በኋላ ስለሆነ፣ መሬቱ እንደማይነጠቅበት ማወቁ ለጥምር እርሻው መሠረታዊ ነው። የይዞታው ማነስ ግን በሰነድ አይፈታም፤ የብዙው ቤተሰብ መሬት ከአንድ ሄክታር ያንሳል፣ ለልጆች ሲከፋፈልም ይበልጥ ይጠባል። በጠበበ መሬት ላይ ቶሎ ብር የሚያስገኘው ተክል ያሸንፋል፤ ስለዚህ ጫትና ባህር ዛፍ በየቦታው የእንሰትና የጥላ ዛፍ ቦታ እየወሰዱ ነው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ የተነሳው ግጭትም በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አፈናቅሏል፤ አብዛኛው ገበሬ ነበር።

በገንዘብም በዘርም የሚመጣው ድጋፍ አብዛኛው ቡና ላይ ያተኩራል። የምርቱ መጠን በኩንታል ሊቆጠር ስለሚችል ለሪፖርት ይመቻል፤ ጥላ ዛፍና እንሰት ግን በሪፖርቱ ቅጽ ላይ ዓምድ የላቸውም። በዚህ የተነሳ ዕቅዱ ሥርዓቱን በሙሉ ሳይሆን አንዱን እርከን ብቻ ይደግፋል የሚለው ትችት ተገቢ ይመስላል።

ለእንሰት ከሚያስፈልገው ድጋፍ ዋነኛው ከአጠውልግ በሽታ መከላከል ነው። በሽታው ባክቴሪያ አመጣሽ ሲሆን ቅጠሉን ያደርቃል፣ ሲቆረጥ ቢጫ ፈሳሽ ያወጣል፣ ተክሉንም ይገድላል። ከተክል ወደ ተክል የሚዛመተው በዋናነት በመቁረጫ መሣሪያ ነው። እስካሁን ፈዋሽ መድኃኒት የለውም፤ የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ ከንጹሕ ማሳ የመጣ ችግኝ መትከልና ቢላዋውን ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከመሄድ በፊት በእሳት መለብለብ ይመከራል።