የሞርስ ምልክትና የላኪው እጅ

ስለ ቴሌግራፍ ታሪክ በክፍል ውስጥ ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ የምንናገረው ስለ ሽቦው ነው። ሽቦው ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ፣ ማን አዘረጋው፣ ስንት ኪሎ ሜትር ነበር እንላለን። ከሐረር እስከ አዲስ አበባ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የተዘረጋው የስልክ መስመር 477 ኪሎ ሜትር እንደ ነበር፣ ከአሥመራ ወደ አዲስ አበባ ደግሞ ጣልያኖች በ20ኛው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያ ዓመታት የቴሌግራፍ መስመር እንደ ዘረጉ ተማሪው ያጠናል፤ ለፈተናም ይጽፋል። በሽቦው ጫፍ ተቀምጦ ቁልፉን ይመታ ስለ ነበረው ሰው ግን እምብዛም አንጠይቅም። ይህ ጽሑፍ ስለ እርሱ፣ ይልቁንም ስለ እጁ ነው።

የሞርስ ምልክት ከነጥብና ከሰረዝ የተሠራ ነው ይባላል። አባባሉ ስሕተት ባይሆንም ግማሹን ይተዋል፤ ሦስተኛው ነገር ዝምታ ነውና። ነጥቡ አንድ መለኪያ ጊዜ ቢወስድ ሰረዙ ሦስት ይወስዳል። በአንድ ፊደል ውስጥ ባሉት ምልክቶች መካከል የአንድ መለኪያ፣ በፊደልና በፊደል መካከል የሦስት፣ በቃልና በቃል መካከል የሰባት መለኪያ ዝምታ ይገባል። ፍጥነት የሚለካው «ፓሪስ» በሚለው ቃል ሲሆን፣ ይህ ቃል ከኋላው ካለው ዝምታ ጋር 50 መለኪያ ይሆናል። ስለዚህ በደቂቃ 12 ቃል የሚልክ ሰው 600 መለኪያ ይልካል ማለት ነው፤ ነጥቡም የሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ይሆናል። ይህን ስሌት ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ማሠራት ይቻላል።

የዝምታው ነገር ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ የሚያሳይ ምሳሌ ከራሳችን አገር አለ። በዓለም አቀፍ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ድልድል መሠረት የኢትዮጵያ የሬዲዮ ጣቢያዎች መጠሪያ በሁለት የላቲን ፊደላት፣ በ«ኢ» እና በ«ቲ» ይጀምራል። «ኢ» በሞርስ አንድ ነጥብ ናት፤ «ቲ» አንድ ሰረዝ ናት። በመካከላቸው ሊኖር የሚገባው ዝምታ ካጠረ ነጥብና ሰረዙ ተጣብቀው «ኤ» የሚለውን ፊደል ይሰጣሉ። ላኪው ቸኩሎ የሰከንድ ሁለት ዐሥረኛ ያህል ቢቆጥብ የአገሩ ስም ከአየር ላይ ይጠፋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ የተተከለው የአማተር ሬዲዮ ክበብ ጣቢያ መጠሪያው «ኢ-ቲ-3-ኤ-ኤ» ነው። በጥድፊያ ሲላክ ምን እንደሚሆን አንባቢው ራሱ ይሞክረው።

መጀመሪያ የነበረው ቁልፍ ወደ ታች የሚጫን አንድ ዘንግ ብቻ ነው። ሳሙኤል ሞርስ እ.ኤ.አ. በ1844 ከዋሽንግተን ወደ ባልቲሞር መልእክት ከላከበት ጊዜ ጀምሮ፣ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ እያንዳንዱን ነጥብና ሰረዝ በገዛ እጁ ይመታ ነበር። አንድ ሰው በቀን ስንት ሺህ ጊዜ እንደሚጫን መገመት አያዳግትም። ከዓመታት በኋላ ክንዱ ይደርቃል፣ ጣቱ አልታዘዝም ይላል፤ አሜሪካኖች ሕመሙን «የመስተዋት ክንድ» ይሉት ነበር። መፍትሔ ካመጡት አንዱ ሆራስ ማርቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 ባስመዘገበው ፈጠራ፣ ነጥቦቹን የሚንቀጠቀጥ ዘንግ በራሱ እንዲመታ አደረገ፤ ሰረዙ ግን አሁንም በእጅ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሁለቱንም በኤሌክትሮኒክስ የሚያወጣው «ኪየር» የተባለው መሣሪያ ተስፋፋ።

ከኪየሩ ጋር የሚሄደው ቁልፍ ፓድል ይባላል። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ምላሶች አሉት። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው አብዛኛውን ጊዜ በአውራ ጣቱ ነጥብ፣ በሌባ ጣቱ ሰረዝ ያወጣል። ሁለቱን አንድ ላይ ሲቆነጥጥ መሣሪያው ነጥብና ሰረዝ እያፈራረቀ ይሰጣል። ለምሳሌ «ሲ» የምትባለው የላቲን ፊደል ዳ-ዲ-ዳ-ዲ ናት። በጥንቱ ቁልፍ አራት ጊዜ መምታት ነበረበት፤ በፓድል ግን ሌባ ጣቱን አስቀድሞ አውራ ጣቱን አስከትሎ መቆንጠጥ፣ በጊዜውም መልቀቅ ይበቃዋል። ከለቀቁት በኋላ አንድ ተቃራኒ ምልክት የሚጨምሩ መሣሪያዎችም ስላሉ፣ በአንዱ ዓይነት የተለማመደ ሰው በሌላው ሲቀመጥ ይደናገራል።

እዚህ ላይ ተማሪው የሚታለልበት ነገር አለ። መሣሪያው ነጥቡንና ሰረዙን አስተካክሎ ስለሚሰጠው በሁለተኛው ሳምንት ጥሩ ላኪ የሆነ ይመስለዋል። በፊደሎች መካከል ያለውን ዝምታ ግን ብዙውን ጊዜ መሣሪያው አይለካለትም። እንዲያውም ነጥቡና ሰረዙ ስላማሩ የተጣበቁት ፊደሎች ስሕተት መሆናቸው አይታወቀውም። በእኔ አስተያየት ጀማሪ ፓድል ከመንካቱ በፊት ለሳምንታት ማዳመጥና በአፉ «ዲ፣ ዳ» እያለ መድገም አለበት። የቆሎ ትምህርት ቤት ልጅ ንባብን እንዴት እንደሚማር እናስታውስ። ተነሹን፣ ሰያፉን፣ ወዳቂውንና ተጣዩን ከየኔታ አፍ ሰምቶ ነው እንጂ በወረቀት ላይ አይቶ አይለየውም። ሞርስንም በሠንጠረዥ ነጥብና ሰረዝ የሸመደደ ተማሪ በኋላ ሠንጠረዡን ከራሱ ለማውጣት ይቸገራል።

የእኛ ቋንቋ ደግሞ ሌላ ችግር ነበረው። የላቲን ፊደል 26 ሲሆን፣ የእኛ 33 ፊደሎች በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ለእያንዳንዱ የሞርስ ምልክት እንስጥ ብንል የረዘመውን ማንም አያስታውሰውም። በላቲን ፊደል ሲጻፍስ? «ወንድምህ መጣ» እና «ወንድምህ መታ» በተለመደው የላቲን አጻጻፍ አንድ ናቸው። የመጀመሪያው የደስታ ዜና ነው፤ ሁለተኛው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ያስኬዳል። የአማርኛን የጽሕፈት መኪና የሠሩት ኢንጂነር አያና ብሩ፣ ለአማርኛ ቴሌፕሪንተር የደከሙት ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅ የታገሉት ከዚሁ የፊደል ብዛት ጋር ነው።

ጥሩ አላላክ ሁልጊዜ ላኪውን ይጠቅማል ማለትም አይደለም። የአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ ተመርቆ፣ የወረራው ጊዜ ሲደርስ ኢትዮጵያ ለዓለም የምትናገርበት አፍ ሆነ። ሬዲዮ ግን ሽቦ የለውም፤ የሰማው ሁሉ ይወስደዋል። የጣልያን ጦር በሰሜን ግንባር የእኛን የሬዲዮ መልእክቶች እየጠለፈ ያነብ ስለ ነበር፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ውጊያ ሲገጠም ጠላት ሳያውቅ አልጠበቀም። ከዚያም በኋላ አሜሪካኖች በአሥመራ፣ በኋላ ቃኘው በተባለው ጣቢያ፣ ከ1943 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. የሌሎችን አገሮች ምልክት ሲያዳምጡ ኖረዋል።

የባሕር መርከቦች ሞርስን እ.ኤ.አ. በ1999 ትተውታል። ለአማተር ሬዲዮ ፈቃድ የሞርስ ፈተና በዓለም አቀፍ ደንብ ግዴታ መሆኑም በ2003 እ.ኤ.አ. ቀርቷል። ስለዚህ የሚማረው ሰው ዛሬ የሚማረው ወድዶ ነው።

እኛም በተቋማችን ከሰልጣኞች ጋር ከሁለት የብረት መጋዝ ምላጭ፣ ከቁራጭ ጣውላና ከጥቂት ብሎን ፓድል ሠርተናል፤ ጥርሱን አስቀድሞ በሞረድ መላግ ያስፈልጋል። ኪየሩን የኤሌክትሮኒክስ መምህሩ ገጣጠመልን፤ የሚያሰማው በትንሽ ድምፅ ማውጫ ብቻ ስለ ሆነ ፈቃድ አልጠየቀንም። ዐሥራ አራት ሰልጣኞች ተለማመዱ። በስድስተኛው ሳምንት የመጠሪያውን መጀመሪያ እንዲልኩ አዘዝኋቸውና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ የሰማሁትን ጻፍሁ። በወረቀቴ ላይ ዐሥራ አንድ «ኤ» እና ሦስት «ኢ-ቲ» ተገኘ። ከሦስቱ አንዷ በጣም ዝግ ብላ ስለምትልክ ጓደኞቿ ይሥቁባት የነበረች ልጅ ናት።