የጡሩምባ ድምፅ ማጉያ፤ ከቀመር እስከ ቤት ጥግ

ሰው ድምፁን ከሩቅ ሊያሰማ ሲሻ መዳፉን በአፉ ዙሪያ ያደርጋል። ቀንደ መለከትም የሚሠራው ከዚህ የተለየ አይደለም፤ በጠባቡ ጫፍ የታፈነውን አየር በዝግታ እያሰፋ ከውጭው አየር ጋር ያስማማዋል። ይሁን እንጂ የጡሩምባ ቅርጽ በስሌት መነደፍ የጀመረው ዘግይቶ ነው። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ አርተር ጎርደን ዌብስተር መሠረታዊውን እኩልታ በ1919 እ.ኤ.አ. አሳተመ። በ1924 ደግሞ ሀና እና ስሌፒያን የተባሉ መሐንዲሶች በየእኩል ርቀቱ በእኩል እጥፍ የሚሰፋውን ጡሩምባ ጠባይ አብራርተው ጻፉ።

ዘመኑም ይህን ይፈልግ ነበር። የዚያን ጊዜው የሬዲዮ ቫልቭ የሚሰጠው ኀይል እጅግ አነስተኛ ሲሆን፣ ጡሩምባ የሌለው ድምፅ ማጉያ ከተቀበለው ኤሌክትሪክ ወደ ድምፅ የሚለውጠው ከመቶ አንድ ያህሉን ብቻ ነው። ጡሩምባ ግን ከመቶ ዐሥርና ከዚያም በላይ ያደርሰዋል።

ችግሩ ግዝፈቱ ነው። በቤቱ መጋዝና ጣውላ ይዞ የተነሣ ሰው እስከ 50 ኸርዝ የሚወርድ ጡሩምባ ቢመኝ እናስላለት። ድምፅ በሴኮንድ 344 ሜትር ስለሚጓዝ የሞገዱ ርዝመት 6.9 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ የጡሩምባውም አፍ ዙሪያ ከዚህ ማነስ የለበትም። ስለሆነም አፉ ከዳር እስከ ዳር 2.2 ሜትር ነው። ጉሮሮው 300 ካሬ ሳንቲሜትር ሆኖ ስፋቱ በየ38 ሳንቲሜትሩ እጥፍ እየሆነ ቢሄድ፣ ርዝመቱ ከ2.6 ሜትር ያልፋል። ይህን የሚያስገባ በር ያለው ቤት ጥቂት ነው። በ1930ዎቹ በለንደን ሳይንስ ሙዚየም ለሕዝብ ይሰማ የነበረው ጡሩምባማ ከ8 ሜትር ይረዝም ነበር፤ እርሱስ ሙዚየም ነው።

መፍትሔውን ለመኖሪያ ቤት ካበጁት አንዱ ፖል ክሊፕሽ ነው። በጦርነቱ ዘመን በአርካንሳስ ግዛት በሆፕ ከተማ የጦር መኮንን ሳለ የደከመበትን ንድፍ በ1945 የፈጠራ መብት አገኘበት፤ በ1946ም ማምረቻውን እዚያው አቋቋመ። ጡሩምባውን አጣጥፎ በክፍል ጥግ አስቀመጠው፤ ወለሉና ሁለቱ ግድግዳዎች የጡሩምባው ቀጣይ ሆነው ስለሚያገለግሉ የአፉ ስፋት አንድ ስምንተኛ ቢሆን ይበቃል። በእኛው ምሳሌ ከ3.8 ካሬ ሜትር ወደ 0.47 ይወርዳል፤ ርዝመቱም ወደ 1.5 ሜትር ያጥራል። በጎኑ ዕዳ አለበት፤ ቀጭን ድምፅ በእጥፋቱ ላይ ስለሚጠፋ ለእርሱ ሌላ ትንሽ ጡሩምባ ያስፈልጋል።

በ1974 ጃክ ዲንስዴል በእንግሊዙ ዋየርለስ ወርልድ መጽሔት በተከታታይ ያወጣው ጽሑፍ ስሌቱን ለቤት ሠሪዎች አቀረበ። ሆኖም ብዙዎች ዛሬም ቀመሩን ለ50 ኸርዝ አስልተው ቦታ ሲያጥራቸው አፉን ይቈርጡታል። የተቈረጠው አፍ ሞገዱን ወደ ጉሮሮው ይመልሰዋል፤ አንዱ ድምፅ ሲጮኽ ሌላው ይሰጥማል። በእኔ አስተያየት ከመቍረጥ ይልቅ ምኞትን ከመጀመሪያው ዝቅ ማድረግ ይሻላል፤ ያው ጉሮሮ ለ80 ኸርዝ በጥግ ላይ ቢነደፍ 62 ሳንቲሜትር ርዝመት ይበቃዋል፤ ማጠፍም አያሻውም።