ለማሳ ያልተሠራ ጥይት

ደብረ ታቦር የነፍጥ ከተማ ናት። ጋፋት ላይ መድፍ የቀለጠው በእርሷ ደጃፍ ነው፤ አፄ ዮሐንስ በ1872 ዓ.ም. የግብፁን መልእክተኛ ጄኔራል ጎርደንን ያነጋገሩት በእርሷ ነው፤ በ1933 ዓ.ም. በከተማዋ የመሸገው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠውም እዚሁ ነው። በዚህ ዘመን ሁሉ ወደ በጌምድር ደጋ ብዙ ዓይነት ጠመንጃ ገብቷል። ወደ ገበሬው እጅ የደረሰው ጥይት ግን ሰው በሰው ላይ እንዲተኩሰው የተሠራ ነበር። ማሳ ለመጠበቅ ታስቦ የመጣለት ጥይት የለም።

እኔ የፋርጣ ገበሬ ልጅ ነኝ። ከጉና ተራራ ግርጌ ገብስ ስጠብቅ አድጌ ኋላ የታሪክ መምህር ሆንሁ። ዛሬ የራሳቸውን መሬት የሚያርሱ የቀድሞ ተማሪዎቼ ገበያ ላይ ሲያገኙኝ፣ «የኔታ፣ ለዝንጀሮ የትኛው ጥይት ይሻላል?» ይሉኛል። ጥያቄው የምር ነው፤ ዓመት የተለፋበት ገብስ በአንድ ረፋድ ሲወድም አይቻለሁና። መልሱን ግን ጥይቱ ወደ አገራችን ከመጣበት መንገድ እጀምራለሁ።

አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስቀምጠው መድፍ ሲያሠሩ፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍም ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ የወታደራቸው ጠመንጃ ገና ባሩድና እርሳስ በአፈሙዙ የሚጠቀጠቅበት ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. አሮጌ በተባለ ቦታ የገጠማቸው የእንግሊዝ ጦር ስናይደር የተባለውን ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ይዞ መጣ። የእኛ ሰው አንድ ጊዜ ተኩሶ እስኪጠቀጥቅ ድረስ ያኛው ደጋግሞ ይተኩሳል። ባሩዱ፣ እርሳሱና ማቀጣጠያው በአንድ ቀለህ የታሸገበት ጥይት ምን ማለት እንደሆነ ደጋው የተማረው በዚያ ቀን ደም ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ጥይት ሁሉ የጦርነት ምርኮ ወይም የጦርነት ስንቅ ነው። በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራዕ ላይ የግብፅ ጦር ሲሸነፍ በሺህ የሚቆጠር ሬሚንግተን ጠመንጃ በአፄ ዮሐንስ ሠራዊት እጅ ገባ። ቀጥሎ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ለጦራቸው ያወጡት፣ እኛ ውጅግራ የምንለው ጠመንጃ በባሕር በር በኩል በብዛት ተሸጠልን፤ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ ከዘመቱት ጠመንጃዎች አንዱ ውጅግራ ነበር። የውጅግራ ጥይት የ11 ሚሊ ሜትር ጥይት ነው። እርሳሱ 25 ግራም ይመዝናል፤ ከ5 ግራም በላይ ጥቁር ባሩድ በሰከንድ ወደ 450 ሜትር ያስወነጭፈዋል። ሲተኮስ የሚወጣው ጭስ ተኳሹን ራሱን ይጋርደዋል።

አያቴ ውጅግራ ነበረው። ዝናሩን ለበዓልና ለክተት እንጂ ለማሳ ሲታጠቅ አላየሁትም። በእርሱ ወጣትነት የውጅግራ ጥይት በየገበያው ገንዘብ ነበር፤ ከአሞሌ ጨው ጋር የማርያ ትሬዛ ብር ዝርዝር ሆኖ ይገበያዩበታል። ጥይት የተኮሰ ሰው ገንዘቡን ነው የበተነው። አያቴ የተተኮሰውን ቀለህ ከመሬት ለቅሞ ይመልሳል፤ ባሩድና እርሳስ ከሚያውቅ ሰው ዘንድ ወስዶ ዳግመኛ ያስሞላዋል። ዝንጀሮ ሲወርድ ሴቶቹ «ተኩስበት እንጂ!» ሲሉት፣ «በብሬ ዝንጀሮ ልቀልብ?» ይላቸው ነበር። አንድ ጥይት አንድ ዝንጀሮ ቢጥል እንኳ የቀረው መንጋ በማግስቱ እንደሚመለስ ያውቃል።

ስለዚህ የደጋው ሰው የሰብል ጥበቃን ያለ ጥይት አደራጀው። ገብሱ እሸት ሲይዝ በማሳው ራስጌ ማማ ይቆማል። ጎረቤታሞች ተራ ይገባሉ፤ የአንዱ ቤት ልጅ ዛሬ ከጠበቀ ነገ የሌላው ነው። መሣሪያችን ወንጭፍ፣ ጅራፍና ውሻ ነበር። ወንጭፉ ከሱፍ ወይም ከጠፍር ይገመዳል፤ እንቁላል የሚያህል ድንጋይ ወጥሮ ከማሳ ማዶ ያደርሳል። ጅራፉ ሲጮህ የገደሉ ማሚቶ ስለሚመልሰው ጠባቂው ብዙ ሰው ይመስላል። ትልቁ ብልሃት ጊዜን ማወቁ ነው። የደጋችን ዝንጀሮ ጭላዳ የሚያድረው ገደል ላይ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ሞቆ ሣር እየነጨ ይወጣል። ከገደሉ አፍ ወደ ማሳው የሚወስደውን መውጫ ቀድሞ የያዘ ልጅ አንድ ድንጋይ ሳይወረውር ሊመልሰው ይችላል፤ ዘግይቶ የደረሰ ግን ሙሉ ቀን ሲሮጥ ይውላል።

ለሌሎቹም እንደየጠባያቸው መላ ነበራቸው። ጃርት ድንች የሚቆፍረው በሌሊት ስለሆነ ነፍጥ አይረዳም፤ ጉድጓዱን ፈልጎ መዝጋት፣ ማሳውን በእሾህ ማጠር፣ በውሻ ማደን ነው። ፍልፈል ከመሬት በታች ስለሚኖር የገፋው አፈር ትኩስ መሆኑ ታይቶ በመተላለፊያው ላይ ወጥመድ ይጠመድለታል። በጎበጠ እንጨት የሚወጠረውን ያን ወጥመድ አባቴ በአንድ ረፋድ ብዙ ቦታ ያጠምድ ነበር። የደብረ ታቦር ገበያ ድንች የተረፈው በእንዲህ ያለ እጅ ነው።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲወርረን ይዞት የመጣው ጥይት እስከዚያ ከለመድነው ይልቅ ቀጭን ነበር፤ 6.5 ሚሊ ሜትር፣ 10 ግራም ተኩል ገደማ የሚመዝን፣ በሰከንድ ወደ 700 ሜትር የሚበር። ከድል በኋላ ከምርኮው ብዙው በገበሬ ቤት ቀረ። ቅጥነቱን አይቶ ለአውሬ የተመቸ የመሰለው አይጠፋም። ግን እርሳሱ በጠንካራ ብረት የተሸፈነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 የሄግ መግለጫ ሰው አካል ውስጥ በቀላሉ የሚሰፋ ወይም የሚዘረጋ እርሳስ ለጦርነት እንዳይውል ከልክሎ ስለነበር፣ የጦር ጥይት ወግቶ ያልፋል፤ አልፎም መንገዱን ይቀጥላል። ይህ ሽፋን ለቆሰለ ወታደር ምሕረት ነው፤ ሰው በየጋራው ተበትኖ በሚኖርበት በእኛ አገር ማሳ ላይ ግን አደጋ ነው።

በደርግ ዘመን የተስፋፋው ክላሽም ከዚሁ ወገን ነው። 7.62 ሚሊ ሜትር ጥይቱ 8 ግራም ገደማ ሆኖ በሰከንድ ከ700 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ዓላማውን ሲስት ከማየት በላይ ርቆ ይሄዳል። በእኛ ቀበሌ አንድ ሰው ዝንጀሮ ላይ ተኩሶ ከሸለቆው ማዶ የሚግጥ የጎረቤት በሬ ገደለ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው በሬውን አስከፈሉት። ዕድሉ ሆኖ ነው እንጂ ከበሬው አጠገብ እረኛ ነበር።

በሌላው ዓለም ለዚህ ሥራ ብለው ጥይት የሠሩ አሉ። ሰብልና ከብት የሚያጠፉ ትንንሽ አውሬዎችን የሚያድኑ አሜሪካውያን 5.6 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆኑትን ጥይቶች መርጠዋል። ከ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ሎንግ ራይፍል እርሳሱ 2 ግራም ተኩል ያህል ነው፤ ድምፁም ዋጋውም ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 ገደማ የመጣው ሆርኔት 3 ግራም ገደማ ሆኖ በሰከንድ ከ800 ሜትር በላይ ይበራል፤ እ.ኤ.አ. በ1950 የወጣው ባለ 222 ሬሚንግተን ደግሞ ከ900 ሜትር ያልፋል። ፈጣኖቹ ለአደን የሚሠሩት በስስ ሽፋን ስለሆነ አውሬውን ወይም መሬቱን ሲመቱ በአብዛኛው እዚያው ይበታተናሉ፤ ነጥረው ራቅ ብለው የመሄድ ዕድላቸው ያንሳል። ከባሩድ ጥይት መምረጥ ግድ ቢሆን ምክንያታቸው ትክክል ነው፤ ቀላል እርሳስ፣ ፈጣን፣ ሲመታ የሚሰባበር።

ይህ ምርጫ ግን የተወለደው ሜዳው ሰፊ፣ ሰው የራቀበት አገር ላይ ነው። ዝግ የሚለው ሎንግ ራይፍል እንኳ ወደ ላይ ተተኩሶ ከሳተ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። በጉና ግርጌ አንድ ኪሎ ሜትር ማለት ሦስት ቤት፣ አንድ ምንጭና የእረኞች መዋያ ነው። በዚያ ላይ ጭላዳ ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የማይገኝ እንስሳ ነው። የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል፤ የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012ም ማን ምን መሣሪያ ሊይዝ እንደሚችል በፈቃድ ወስኗል። እንስሳው ወደ ገብሱ የመጣበትም ምክንያት አለ። ምግቡ ሣር ነው፤ ሞፈር በጉና ጎን ሽቅብ በወጣ ቁጥር ግጦሹ ጠበበ፤ ሣር በነበረበት ቦታ ያገኘውን እሸት በላ።

ተማሪዎቼን የምመልስላቸው እንግዲህ ይህን ነው። ጥይት ከመምረጥ በፊት ከእንስሳው በስተኋላ ያለውን እዩ፤ በእኛ ተዳፋት ላይ በስተኋላ ሁልጊዜ ሰው አለ። አያቶቻችን ጠመንጃ እያላቸው ወንጭፍ ያነሡት ፈሪ ሆነው አልነበረም፤ የጥይትን ዋጋና የመንጋን ጠባይ አስልተው ነው። የጎደለብን ያ የጥበቃ ተራ ነው። ልጆች ትምህርት ቤት መዋላቸው ተገቢ ነው፤ እንዲያውም ደስ ይለኛል። የእነርሱን ቦታ ግን አዋቂ መተካት አለበት። ቀበሌና የገበሬ ማኅበር እሸት በሚይዝባቸው ሳምንታት ተራ ቢያወጡ፣ ለጠባቂውም ከእያንዳንዱ ማሳ እህል ቢቆርጡለት፣ ወጪው ከአንድ ክላሽ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው። የገደሉን መውጫ፣ የመንጋውን ሰዓትና የወጥመዱን አሠራር የሚያውቁ ሽማግሌዎች ዛሬም በፋርጣ፣ በእስቴና በጋይንት አሉ። በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው፤ ጻፉትም።