የማያምኑትን ሰው መምረጥ፦ የላይቤሪያ ነገር

በየአገሩ ስለሚደረግ ምርጫ ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ አስተያየት ደጋግሜ አያለሁ፤ «ሕዝቡ ደደብ ነው፣ ሌባ መሆኑን እያወቀ ይመርጠዋል» የሚል። ይሄን አባባል አልወደውም። የታሪክ መምህር ስለሆንኩ ይሆናል። ሕዝብን በጅምላ ደደብ ብሎ የሚጀምር ሰው ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው ጥያቄ የለውም፤ እኔ ደግሞ እንጀራዬ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ዛሬ ነገሩ ከየትም አገር በላይ ፍጥጥ ብሎ የታየበትን ምርጫ ላውራችሁ። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።

ሐምሌ 1997፣ ላይቤሪያ። ቻርለስ ቴይለር ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደራል። ይሄ ሰው በ1989 በፈረንጆች ገና ዋዜማ ከኮትዲቯር ተነስቶ ጦርነቱን የለኮሰ፣ ሕፃናትን መሣሪያ ያስያዘ የአማፂ መሪ ነው። ወጣቶች ግን መንገድ ላይ ይጨፍሩለታል። የሚሉትም እናቴን ቢገድልም አባቴን ቢገድልም እኔ እመርጠዋለሁ ነው። ደግሞም መረጡት፤ ሰባ አምስት ከመቶ አካባቢ አገኘ። ሁለተኛ የወጣችው ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ አሥር ከመቶ እንኳን አልሞላችም። የውጭ ታዛቢዎች ነበሩ፣ ጂሚ ካርተርም እዚያው ነበሩ፤ ድምፁ በሚስጥር ተሰጠ፣ ውጤቱም ተቀባይነት አገኘ። ኮሮጆ ተሰረቀ ብለን የምንገላገለው ዓይነት ምርጫ አይደለም።

ታዲያ ለምን?

ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። ላይቤሪያ ለኛ ያን ያህል ሩቅ አገር አይደለችም። በ1960 ደቡብ አፍሪካን በናሚቢያ ጉዳይ ሄግ ፍርድ ቤት የከሰስናት ከላይቤሪያ ጋር ሆነን ነው። በሚያዝያ 1980 የተገደሉት ፕሬዚዳንት ቶልበርትም በዚያን ጊዜ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሊቀመንበር ነበሩ። የገደሏቸው ዝቅተኛ ማዕረግ ያላቸው ወታደሮች ናቸው፤ መሪያቸው ሳሙኤል ዶ ይባላል። ከአሥር ቀን በኋላ ደግሞ 13 ባለሥልጣናት ባሕር ዳርቻ ላይ ግንድ ላይ ታስረው ተረሸኑ። የኛን የስድሳዎቹን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይሄን ሲያነብ ሆዱን ይቆርጠዋል።

ከዚያ በ1985 ምርጫ ተደረገ። ይቺን ዓመት ያዙልኝ፣ ለኔ የነገሩ ቁልፍ እሷ ናት። ሕዝቡ በዚያን ጊዜ ባለጠመንጃውን አልመረጠም። አብዛኛው ሰው የመረጠው ጃክሰን ዶ የተባለውን ሌላ ተወዳዳሪ እንደሆነ በሰፊው ይታመናል (ስማቸው ቢመሳሰልም ዘመድ አይደሉም)። ሳሙኤል ዶ ግን የራሱን ሰዎች ሰብስቦ ድምፁን አስቆጠረና 50.9 ከመቶ አግኝቻለሁ አለ። ሃምሳ ነጥብ ዘጠኝ! መቼም ልከኛ ሌባ ነው። በወሩ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲከሽፍ ወታደሮቹ ሙከራውን ከመራው ሰው ጋር ያገናኟቸውን የኒምባ አካባቢ ጊዮና ማኖ ሕዝቦች ፈጁ።

እንግዲህ የ1997ቱ መራጭ የሚያስታውሰው ይሄንን ነው። አንድ ጊዜ የሚፈልገውን መርጦ አይቶታል። ድምፅ ለአንዱ ቢሰጥም ጠመንጃ የያዘው ወንበሩን እንደሚወስድ ያወቀው ከመጽሐፍ አይደለም። በዚያ ላይ ከ1997ቱ ምርጫ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ አንጎላ ውስጥ ሳቪምቢ በምርጫ ሲሸነፍ ውጤቱን አልቀበልም ብሎ ወደ ጫካ ተመልሶ ነበር። ቴይለርም ቢሸነፍ ምን እንደሚያደርግ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ከዓመት በፊት በሚያዝያ 1996 ዋና ከተማዋ ሞንሮቪያ በነሱው ውጊያ ወድማለች፤ በሰባቱ የጦርነት ዓመታት ከ150 ሺህ ሰው በላይ እንዳለቀ ይገመታል። ሕዝቡ ያን ጊዜ በጠቅላላ ከሦስት ሚሊዮን በታች ነበር። አስቡት።

ስለዚህ መራጩ ወረቀቷን ይዞ ሲገባ «የማምነው ማንን ነው?» ብሎ አልጠየቀም። የጠየቀው «ይሄ ሰው ቢሸነፍ ማታ የኔ ቤት ምን ይሆናል?» ብሎ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ቴይለር አይደለም፤ የሁለተኛው ግን ነው። አንድ ሰው በአንድ ቀን ሁለቱንም ማወቅ ይችላል።

አስተማሪ የሆናችሁ ይሄንን በክፍል ሞኒተር ምርጫ ታውቁታላችሁ። ተማሪዎቹን «ምረጡ» ስትሏቸው ጎበዙንና ጨዋውን ትተው ዋናውን ረባሽ ይመርጡላችኋል። እኔ መጀመሪያ ሰሞን የሚያሾፉብኝ ይመስለኝ ነበር። ኋላ አንዷ ተማሪዬ «ቲቸር፣ እሱ ሞኒተር ካልሆነ እኮ ሞኒተሩን ማን ይሰማዋል?» አለችኝ። (ይሄን እያነበብሽ ከሆነ ራስሽን ታውቂያለሽ!) ላይቤሪያን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ዓረፍተ ነገር እስካሁን አላገኘሁም።

ፍርሃት ብቻ ነበር ካልኩ ግን አጋነንኩ። ቴይለር ገንዘብ ነበረው፣ ራዲዮ ነበረው፤ ሌሎቹ በማይደርሱበት ገጠር የሱ ድምፅ ይደርሳል። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ አንድ እጩ ለማቅረብ ተሰብስበው እርስ በርስ ተጣልተው ተበተኑ፤ በመጨረሻ 13 ተወዳዳሪ ቀረበ። ሰርሊፍ የተማረች፣ በተባበሩት መንግሥታት ትልቅ ቦታ የሠራች ሴት ናት። ግን የጦርነቱን ዓመታት አብዛኛውን በውጭ አሳልፋ ነው የመጣችው፤ ጦርነቱ ሲጀመርም ዶን ለመጣል ብላ ቴይለርን ደግፋ ነበር። «ንጹሑን ትተው ቆሻሻውን መረጡ» የሚለው ትረካ እዚህም ላይ ይሰነጠቃል። መራጩ ፊት ንጹሕ ሰሃን አልቀረበለትም።

ሌላ ቦታም ቢሆን ከጦርነት ውጭ ያው ነው። በ1991 የአሜሪካዋ ሉዊዚያና ግዛት ለገዥነት የቀረቡት ኤድዊን ኤድዋርድስና ዴቪድ ዱክ ነበሩ። የመጀመሪያው በሙስና ስሙ የጠፋ፣ ፍርድ ቤት የተመላለሰ፤ ሁለተኛው የኩ ክሉክስ ክላን መሪ የነበረ። የኤድዋርድስን ባሕርይ ምንም የማያምኑ ሰዎች ሌባውን ምረጡ የሚል ጽሑፍ መኪናቸው ላይ ለጥፈው ሄዱና መረጡት፤ 61 ከመቶ አካባቢ አገኘ። ኋላ በሙስና ተፈርዶበት ታሰረ። የመረጡት ሰዎች ተታለው ነበር? እኔ አይመስለኝም። ሌባ እንደሆነ መኪናቸው ላይ ጽፈውታል እኮ!

ወደ ላይቤሪያ ልመለስ፣ ያልጨረስኩት ነገር አለ። ሰዎቹ በድምፃቸው የገዙት ሰላም ሁለት ዓመት ሳይሞላ ፈረሰ። በ1999 ሌላ አማፂ ተነሳ፣ በ2003 ቴይለር ሥልጣን ለቅቆ ወደ ናይጄሪያ ሄደ፤ በኋላም በሴራሊዮን ጦርነት በፈጸመው ወንጀል 50 ዓመት ተፈረደበት። አንዳንዱ ይሄን አይቶ «ስሌታቸው ስህተት ነበር» ይላል። ስሌቱ ስህተት ነው ለማለት ግን ሌላውን ቢመርጡ ምን ይሆን እንደነበር ማወቅ አለብን፤ በ1985 ሌላውን መርጠው የሆነውን ደግሞ አይተናል።

ይልቅ የሚገርመኝ ጥቅምት 2005 ነው። ያን ጊዜ ቴይለር አገር ውስጥ የለም፤ የተባበሩት መንግሥታት እስከ 15 ሺህ ወታደር የተፈቀደለት ኃይል አሰማርቷል፤ ብሸነፍ አቃጥላችኋለሁ የሚል ተወዳዳሪ የለም። በመጨረሻው ዙር የቀረቡት ሰርሊፍና የእግር ኳሱ ጆርጅ ዊሃ ናቸው፤ ሰርሊፍ አሸነፈች። ከስምንት ዓመት በፊት አሥር ከመቶ የነፈጋት ሕዝብ ነው። በስምንት ዓመት ውስጥ ሕዝቡ ብልህ ሆነ? ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፤ የተነሳው ጠመንጃው ነው።

ግን በዚያው ምርጫ ኒምባ ፕሪንስ ጆንሰንን ሴናተር አድርጋ ላከች። በ1990 ሳሙኤል ዶን ይዞ ሲያሰቃየው ራሱን በቪዲዮ ያስቀረጸ፣ ቢራውን እየጠጣ የተቀመጠ ሰው ነው። ዓለም ቪዲዮውን ሲያይ ጭራቅ አየ። የኒምባ ሰው ደግሞ በ1985 ዘመዶቹን የፈጀውን ሰው የቀጣ ልጁን አየ። ይሄኛው እንግዲህ ከፍርሃት የተለየ ነው፤ «ክፉ ነው፣ ግን የኛ ክፉ ነው» የሚል። ከዚያ በኋላ በ2011 ሰርሊፍ፣ በ2017 ዊሃ፣ በ2023 ቦአካይ ሲያሸንፉ ሦስቱንም በመጨረሻው ዙር የደገፈው እሱ ነበር። የኒምባን ድምፅ የሚፈልግ ሁሉ በሩን ያንኳኳል። በኅዳር 2024 ሲሞት አሁንም ሴናተር ነበር።

ያው 2005 ላይ የቴይለር የቀድሞ ሚስት ጁዌል ቴይለርም ከቦንግ ሴናተር ሆና ተመረጠች፤ በኋላ የአገሪቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆናለች። ቦንግ ደግሞ ቴይለር በጦርነቱ ዘመን ዋና መቀመጫውን ያደረገባት ምድር ናት።