ታኮማ ፓርክ፦ አውራ ጎዳና ያልቆረጣት ከተማ

ሕፃን ይዞ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ሊዛወር ያሰበ ሐበሻ ዘመድ ወዳጁን «የት ሰፈር ይሻለናል?» ብሎ ሲጠይቅ ከሚጠሩለት ስሞች አንዱ ታኮማ ፓርክ ነው። ምክንያቱም በአጭሩ ይነገረዋል፦ ሜትሮው ቅርብ ነው፣ በእግር ይኬዳል፣ ከየአገሩ የመጣ ሰው አለበት፣ የኛም ሰው አይታጣም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ከዋና ከተማዋ ጋር ወሰን የምትጋራው ይህች የሜሪላንድ ከተማ፣ ከ18 ሺህ የማይበልጥ ሕዝቧን ይዛ፣ ዛሬ የምትወደድበትን መልክ ያገኘችው ተፈጥሮ ስላደላት ብቻ አይደለም። ታኮማ አንዴ በደላላ፣ አንዴ በአስፋልት ልትበተን ደርሳ፣ በነዋሪዎቿ ክርክር፣ ሰልፍና ክስ የተረፈች ሰፈር ናት።

ታሪኳ የሚጀምረው ከባቡር ነው። በ1873 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የባልቲሞርና ኦሃዮ የባቡር ኩባንያ ከዋሽንግተን ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚወጣ አዲስ መስመር ከፈተ። ዐሥር ዓመት ቆይቶ፣ በ1883፣ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ጊልበርት የተባሉ የመሬት ነጋዴ በሐዲዱ ዳርና ዳር መሬት ገዝተው እየሸነሸኑ መሸጥ ያዙ። ለገበያ ያቀረቡት ከመሬቱ ይልቅ አየሩን ነበር። ያኔ ዋሽንግተን በበጋ ሙቀቷና በወባዋ ትታማለች፤ ታኮማ ደግሞ ከፍ ያለች፣ ዛፍ የሞላባት፣ የምንጭ ውኃ ያላት ነበረች። ገዢዎቹ በአብዛኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊዎችና መካከለኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ናቸው። በ1890 ቦታው በሕግ ከተማ ሲባል የመጀመሪያው ከንቲባ ራሳቸው ጊልበርት ሆኑ።

ዛሬ ወላጆች የሚፈልጉት የእግር መንገድ የተወለደው በዚያ ዘመን ነው። መኪና ገና አልነበረም። ቤቱ ከጣቢያው በእግር ካልተደረሰ፣ ጠዋት ባቡር የሚይዝ ሰው አይገዛውም። ስለዚህ ቤቶቹ ተቀራርበው ተሠሩ፣ ሱቆቹ ጣቢያው ሥር ተኮለኮሉ፣ መንገዶቹም የሰው እርምጃ ተለክቶባቸው ወጡ። ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ትራም መጣ። በ1911 ከወሰኑ ማዶ፣ በሰፈሩ የዋሽንግተን ወገን፣ በካርኔጊ ገንዘብ የተሠራ ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፤ የዋና ከተማዋ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የመጀመሪያው የሰፈር ቅርንጫፍ ይኸው ነበር። አንድ አካባቢ በእግር የሚኬድ መሆኑን ለማወቅ መታየት ያለበት የተሠራበት ዘመን ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለመኪና ታስበው በተዘረጉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሰፈሮች ውስጥ ወተት ለመግዛት እንኳ ቁልፍ መያዝ ግድ ይላል።

የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያንም የራሷን አሻራ ጥላለች። በ1902 በሚቺጋን፣ ባትል ክሪክ የነበሩት ሆስፒታሏና ማተሚያ ቤቷ በአንድ ዓመት ውስጥ ተቃጠሉ። መሪዎቿ ዋና መሥሪያ ቤታቸውን ነቅለው ታኮማ ፓርክ ተከሉ፤ ኮሌጅ ከፈቱ፣ ማተሚያ ቤት አቆሙ፣ በ1907 ደግሞ ከስላይጎ ወንዝ አጠገብ ሆስፒታል ሠሩ። በዚህም ከተማዋ የራሷ ሥራ ያላት ሆነች። ነርሱም፣ የማተሚያ ቤቱ ሠራተኛም፣ ተማሪውም እዚያው ይኖር፣ እዚያው በእግሩ ይመላለስ ነበር።

እስከዚህ ያለው ታሪክ ግን በዋናነት የነጮች ታሪክ ነው። ጥቁር ቤተሰቦች በሪቺ ጎዳና ዙሪያ፣ በተለምዶ «ኮረብታው» በሚባለው ጥግ ይኖሩ ነበር። ከእነሱ መካከል ሊ ጆርዳን ይታወሳሉ፤ የትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ሆነው ሳለ ጥቁሩንም ነጩንም ልጅ ሰብስበው ስፖርት ያሠለጠኑ ሰው ናቸው። ዛሬ በከተማዋ አንድ ሜዳ በስማቸው ይጠራል። በዙሪያው ባሉ ብዙ ሰፈሮች የቤት ውል ላይ ደግሞ ንብረቱ ለጥቁር፣ አንዳንዴም ለአይሁድ፣ እንዳይሸጥ የሚከለክል አንቀጽ ይጻፍ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርድ ቤቶች ይህን አንቀጽ እንዳያስፈጽሙ የወሰነው በ1948 ነው። ከተወሰኑት ጉዳዮች አንዱ የተነሣው ከዚያው ከዋሽንግተን ነበር።

አንቀጹ ሲወድቅ የደላላው ተራ መጣ። አሠራሩ ይህ ነው። ደላላው በአንድ መንገድ ላይ ለአንድ ጥቁር ቤተሰብ ቤት ይሸጣል። ወዲያው የነጮቹን በር እያንኳኳ፣ ስልክም እየደወለ፣ «ሰፈሩ እየተለወጠ ነው፤ ዋጋው ሳይወድቅ ብትሸጡ ይሻላችኋል» ይላል። የፈራው በርካሽ ይሸጣል። ደላላው ያንኑ ቤት፣ ሌላ ሰፈር በሩ ለተዘጋበት ጥቁር ገዢ በውድ ያወጣዋል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ መንገዱ ሙሉ በሙሉ ሰው ይለውጣል፤ ትናንት የገባውም ሆነ የወጣው ተጎጂ ነው፣ ትርፉ የአንድ ወገን ነው።

በ1958 በታኮማ የዋሽንግተን ወገንና በአጎራባቾቹ ማኖር ፓርክ፣ ብራይትዉድና ሼፐርድ ፓርክ የሚኖሩ ጥቁርና ነጭ ቤተሰቦች «ኔበርስ ኢንክ» የተባለ ማኅበር አቋቋሙ። ዓላማቸው ጥቁሩ እንዳይገባ መከልከል ሳይሆን ነጩ ደንግጦ እንዳይወጣ፣ አዲስ ገዢም ከሁለቱም ወገን እንዲመጣ ማድረግ ነበር። በር ለበር እየዞሩ የደላሎቹን ማስፈራሪያ አከሸፉ፤ ለአዲስ መጪ ቤት እያሳዩ አስገቡ፤ የዋሽንግተን ጋዜጦች በቤት ማስታወቂያ ላይ የዘር መለያ መጻፍ እንዲተዉ ተሟገቱ፣ ተሳካላቸውም። የማኅበሩ የመጀመሪያ ሊቀ መንበር ማርቪን ካፕላን በ1960 «አትላንቲክ» በተባለው መጽሔት ላይ በመንገዳቸው የቀረ የመጨረሻው ነጭ ቤተሰብ ስለመሆን ጽፈዋል። አንድ ሰፈር ድብልቅ ሆኖ የሚቆየው ሰዎች ድብልቅ እንዲሆን ወስነው ሲሠሩለት እንደሆነ ይህ ማኅበር በተግባር አሳይቷል፤ የታኮማ ትልቁ ቅርስም ከአሮጌ ቤቶቿ በፊት ይኸው ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው አደጋ የመጣው ከመንግሥት ነው። በ1960ዎቹ የመንገድ መሐንዲሶች ሰሜን ማዕከላዊ የተባለ ባለ ዐሥር ረድፍ አውራ ጎዳና ከዋሽንግተን መሐል ተነሥቶ ታኮማ ፓርክን ሰንጥቆ እንዲያልፍ ዕቅድ አወጡ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤቶች መፍረስ ነበረባቸው። የግራፊክ ባለሙያው ሳሚ አቦት ጎረቤቶቻቸውን ሰብስበው በ1964 ታኮማ ፓርክን የሚያድን ኮሚቴ መሠረቱ። የእሳቸው ብልህነት ግን ትግሉን በራሳቸው ሰፈር አለማጠራቸው ነው። መንገዱ «እኛን ትቶ በሌላው ይሂድ» ብለው ቢሆን ኖሮ የሚገፋው ወደ ጥቁሮቹ ሰፈሮች ነበር፤ ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ላይ የሆነውም ይኸው ነው። አቦት ከጥቁሩ የመብት ታጋይ ሬጂናልድ ቡከር ጋር አብረው በመላ ዋሽንግተን የመንገዱን ተቃዋሚዎች ያስተባበረ ኮሚቴ መሩ። መፈክራቸው የነጭ ሰው መንገድ በጥቁር ሰው ቤት ላይ እንዳያልፍ የሚል ነበር። ስብሰባ ረበሹ፣ ታሰሩ፣ ብሩክላንድ ሰፈር ውስጥ መንግሥት ለመንገዱ ብሎ የወሰዳቸውን ቤቶች የተቸነከረ ጣውላ እየነቀሉ ገቡ።

ሕጉም ከእነሱ ጋር ቆመ። በ1968 የይግባኝ ፍርድ ቤት የጎዳናዎቹ ዕቅድ በሕግ የተቀመጠውን ሥርዓት አልተከተለም ብሎ ሥራውን አገደ። በኮንግረስ የበጀት ንዑስ ኮሚቴውን የሚመሩት የኬንታኪው ተወካይ ዊልያም ናቸር መንገዱ ካልተሠራ ለሜትሮው ገንዘብ አይለቀቅም ብለው ዓመታት ያዙት፤ በ1971 መጨረሻ ላይ ግን የተወካዮች ምክር ቤቱ ድምፅ ሰጥቶ ገንዘቡን አስለቀቀ። የሜትሮው ቀይ መስመር በፌብሩዋሪ 1978 ታኮማና ሲልቨር ስፕሪንግ ደረሰ። ባቡሩ ያለፈው ጊልበርት መሬት በሸነሸኑበት በዚያው የጥንቱ ሐዲድ ጎን ነው፤ አውራ ጎዳናው ሊያርፍበት የታሰበውም እዚያው ነበር።

አቦት በ1980 ከንቲባ ሆኑ። በእሳቸው ዘመን ከተማዋ የአፓርታማ ኪራይ ጭማሪን በሕግ ገደበች፣ በ1983 የእሑድ የገበሬዎች ገበያ ተከፈተ፣ በ1985 ደግሞ ፖሊሷ ስደተኛን በማሳደድ እንዳይተባበር የሚያዝ ደንብ ወጣ። ከእነዚህ ሁሉ ለሕፃን ወላጅ የሚበልጠው የኪራዩ ገደብ ነው። ዓመታዊ ጭማሪው ከኑሮ ውድነት መለኪያ ጋር ስለተሳሰረ ተከራይ ልጁን አንድ ትምህርት ቤት አስጀምሮ እዚያው ለማስጨረስ ተስፋ ሊኖረው ይችላል።

ኢትዮጵያውያን የደረሱት በዚህ ጊዜ ግድም ነው። የ1980 የስደተኞች ሕግ ከደርግ የሸሹትን አስገባ፤ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ደግሞ ዲቪ ተጨመረ። መጀመሪያ አዳምስ ሞርጋን የነበሩት ኪራዩ ሲወደድ በጆርጂያ ጎዳናና በ16ኛው መንገድ ወደ ሰሜን እየወጡ ሲልቨር ስፕሪንግና ታኮማ ፓርክ ገቡ። ለእናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አገር ቤት አራስ ትጠየቃለች፤ ገንፎ የሚያገነፋላት፣ ሕፃኑን ተቀብሎ የሚያስተኛት ሰው አይጠፋም። መኪና የሌለው በማይገባበት ሰፈር የወለደች ሴት ግን ባሏ ሥራ ከሄደ ግድግዳ ስታይ ትውላለች። ጎረቤት ያላት፣ ጠያቂዋም በአውቶቡስ ወይም በእግር የሚደርስላት ሴት አራስነቷ ሌላ ነው።

የልጅ ጋሪ እየገፋ በሜፕል ጎዳና ያለፈ ሰው የከተማዋን ታሪክ በግማሽ ሰዓት ያየዋል። መነሻው ስላይጎ ወንዝ ዳር ነው፤ በወንዙ አጠገብ ለጋሪ የሚመች የእግር መንገድ አለ። ቀጥሎ የኪራይ ገደቡ የሚጠብቃቸው ረጃጅም አፓርታማዎች ይመጣሉ፤ ከኢትዮጵያ፣ ከመካከለኛው አሜሪካና ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ ቤተሰቦች የሚኖሩት እዚያ ነው። ከዚያ ፓይኒ ብራንች አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይገኛል። ልጆች እስከ ሁለተኛ ክፍል በታኮማ ፓርክ ትምህርት ቤት፣ ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ በፓይኒ ብራንች ስለሚማሩ የአፓርታማውም የባለ ግቢውም ልጅ አንድ ክፍል ይቀመጣሉ። ቀጠል ሲል ማዘጋጃ ቤቱና ከተማዋ በራሷ ገንዘብ የምታስተዳድረው ቤተ መጻሕፍት አሉ፣ ከዚያም በረንዳቸው ሰፊ የሆነ የጊልበርት ዘመን ቤቶች፣ መጨረሻው ሜትሮ ጣቢያው። ዳገትና ቁልቁለቱ ብዙ ስለሆነ ጋሪው ፍሬን ያለው ቢሆን ይመረጣል።

የጎደለውም መነገር አለበት። ጊልበርት ለመንግሥት ጸሐፊ ብለው ያሠሯቸውን ቤቶች ዛሬ ጸሐፊ አይገዛቸውም፤ የኪራይ ገደቡ ተከራዩን ይጠብቃል እንጂ ቤት መግዛት የሚፈልገውን አይረዳም። የቤተ ክርስቲያኗ ዋና መሥሪያ ቤት በ1989 ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄደ። ከመቶ ዓመት በላይ ያገለገለው ሆስፒታልም በ2019 ወደ ዋይት ኦክ ተዛወረ፤ በእግር ይደረስበት የነበረው ማዋለጃ አሁን በመኪና የሚኬድበት ሆኗል።

አንድ ነገር ግን እያንዳንዱ አዲስ መጪ ማወቅ አለበት። ከ1990 የሕዝብ ቆጠራ በኋላ የምርጫ ክልሎች ሲከለሱ፣ በሕዝብ ብዛት እኩል የሆኑ ክልሎች የመራጮቻቸው ቁጥር በእጅጉ እንደሚለያይ ታየ፤ በአንዳንዶቹ ከነዋሪው ብዙው ዜግነት ያልነበረው ስደተኛ ነበር። በ1991 ሕዝቡ በጠባብ ልዩነት ድምፅ ሰጠ፣ በ1992 ሕግ ሆነ፦ በታኮማ ፓርክ የሚኖር ሰው ዜጋ ባይሆንም ከንቲባና የምክር ቤት አባል ይመርጣል። ከ2013 ጀምሮ ዕድሜውም 16 ዓመት ነው። የኪራዩ ገደብም፣ የቤተ መጻሕፍቱም በጀት፣ የእግረኛ መንገዱም የሚወሰነው በዚህ ምክር ቤት ነው። ምርጫው በየሁለት ዓመቱ በኖቬምበር ይካሄዳል። ዜግነት የሌላችሁ ወላጆች የምትመዘገቡት በከተማዋ ጸሐፊ ቢሮ፣ ለከተማዋ ምርጫ ብቻ በተዘጋጀው መዝገብ ነው፤ በግዛቱና በፌዴራሉ መዝገብ እንዳትመዘገቡ ተጠንቀቁ፣ በከተማዋ መዝገብ ላይ ግን ስማችሁን ሳታስጽፉ አትቅሩ።