ቢጫ ካርድ፣ ቢጫ ወባና የወላይታ መንገደኛ

ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ወደ ደቡብ አፍሪካም ሆነ ወደ ዓረብ አገር የሚሄድ ሰው ስለ ፓስፖርቱ፣ ስለ ቪዛውና ስለ ትኬቱ ለወራት ይጨነቃል። ስለ ጤና ሰነዱ የሚጠይቀው ግን ብዙውን ጊዜ ሻንጣው ከተዘጋ በኋላ ነው። እኔ የሕግ ሰው እንጂ ሐኪም አይደለሁም። መርፌውን ለባለሙያው ትቼ ስለ ወረቀቱ ብጽፍ ግን ከሙያዬ የወጣሁ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም ቢጫው ካርድ የሕግ ሰነድ ነው።

በመጀመሪያ ስሙ ያሳስታል። ቢጫ ወባ ወባ አይደለም። ወባ በአኖፊለስ ትንኝ የሚተላለፍ ጥገኛ ተሕዋስ ሲሆን ቢጫ ወባ ቫይረስ ነው፤ የሚያስተላልፉትም ቀን ቀን የሚናደፉ ሌሎች ትንኞች ናቸው። የወባ ኪኒን አይከላከለውም፤ ሌሊት የሚዘረጋ አጎበርም ብዙ አይረዳም። የወላይታ ሰው ከወባ ጋር አብሮ ስላደገ ስሙን ሲሰማ “ይህንንማ እናውቀዋለን” ይላል። አያውቀውም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በተነሳው ወረርሽኝ ወደ 30 ሺሕ የሚጠጉ ሰዎች እንደሞቱ ይገመታል።

ነገሩ የሩቅ ታሪክ ብቻም አይደለም። በ2011 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በወላይታ ዞን ኦፋ ወረዳ በሽታው ተቀስቅሶ 35 ተጠርጣሪ ሕሙማን ሲመዘገቡ 10 ሰዎች ሞተዋል። ከዓለም አቀፉ የአስቸኳይ ጊዜ ክምችት 1.45 ሚሊዮን ዶዝ ክትባት ለአገሪቱ ተመድቦ ነበር። እዚህ ላይ አንድ የሕግ ጥያቄ ይነሳል። በዘመቻ የተከተበ ሰው ሰውነቱ ተጠብቋል፤ ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀት ካልያዘ ግን በድንበር ሹም ዓይን እንዳልተከተበ ይቆጠራል። ስለዚህ የዘመቻውን ማስረጃ ይዞ ፈቃድ ወዳለው የክትባት ማዕከል መሄድና ባለሙያውን ማማከር ይገባዋል።

ሕጉ ከሰኔ 1999 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ ነው። በዚህ ደንብ መሠረት የምስክር ወረቀቱ መጽናት የሚጀምረው ክትባቱ ከተሰጠ ከ10 ቀን በኋላ ነው። በበረራው ዋዜማ የተከተበ ሰው ወረቀት አለው፤ የጸና ወረቀት ግን የለውም። ካርድ የሌለውን ወይም ካርዱ ገና ያልጸናለትን መንገደኛ ተቀባዩ አገር እስከ 6 ቀን ለይቶ ማቆየት ይችላል። ለሕክምና ወደ ሕንድ የምትሄዱ ይህን በተለይ ልብ በሉ፤ ሕንድ ታደርገዋለች። ደቡብ አፍሪካም ከኢትዮጵያ ከሚመጣ ዕድሜው ከ1 ዓመት በላይ ከሆነ መንገደኛ ሁሉ ካርዱን ትጠይቃለች። አንድ ጊዜ ከጸና ግን ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. ወዲህ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። በአሮጌው ካርድ ላይ “10 ዓመት” የሚል ቢጻፍም በዚያ ምክንያት እንደገና መከተብ አያስፈልግም።

ቅርጹም እንደ ይዘቱ ይከበራል። በወረቀት የሚሰጠው ካርድ ላይ የባለሙያው የእጅ ፊርማ መኖር አለበት፤ የማዕከሉ ማኅተም ፊርማን አይተካም። የተሰረዘ፣ የተደለዘ ወይም ያልተሟላ ካርድ ዋጋ ሊያጣ ይችላል። ስሙ ከፓስፖርቱ ጋር በፊደል መመሳሰል አለበት። ቀኑ ደግሞ በፈረንጆች አቆጣጠር ይሁን፤ በእኛ ዘመን የተጻፈ ቀን ለባዕድ ሹም የሰባትና ስምንት ዓመት ግራ መጋባት ነው። ክትባቱን በጤና ምክንያት መውሰድ የማይችል ሰው፣ ለምሳሌ ለእንቁላል ከባድ አለርጂ ያለበት ወይም የበሽታ መከላከያ አቅሙ እጅግ የተዳከመ፣ ሐኪሙ ምክንያቱን በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ይጻፍለት።

ካርድ ገዝቶ መሄድ የሚያዋጣ የሚመስለው ካለ የናይጄሪያውያንን ጉዳይ ያስታውስ። በየካቲት 2004 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ 125 ናይጄሪያውያንን በካርዳቸው ትክክለኛነት ጥርጣሬ ከጆሃንስበርግ መልሳለች። ናይጄሪያም አጸፋውን መለሰች፤ ደቡብ አፍሪካም በኋላ ይቅርታ ጠየቀች። ይቅርታው የመጣው ግን መንገደኞቹ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ነው። ትክክለኛ ካርድ የያዘው ይህን ያህል ከተንገላታ የሐሰት የያዘው ምን ሊሆን ነው?

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ኢንሹራንሱን በአሠሪው፣ የሕክምና ምርመራውንና የክትባቱን ወጪ ደግሞ በሠራተኛው ላይ ጥሏል። ለእኔ ይህ ሚዛኑ የተዛባ ድልድል ነው፤ ከሁሉ ያነሰ ገንዘብ ያለው ወገን ካርዱን በርካሽ ለመግዛት የሚፈተነው በዚህ ምክንያት ነው።

መድኃኒት የሚወስድ ሰው በራሱ ማሸጊያ፣ ከሐኪም ደብዳቤ ጋር ይያዝ። እዚህ በቀላሉ የሚታዘዝ እንደ ትራማዶል ያለ የሕመም ማስታገሻ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ቅድሚያ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ጫትማ እንግሊዝ እንኳ ከሰኔ 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ከልክላዋለች።

በመጨረሻ ስለ ተመላሾቹ። ከጆሃንስበርግ ለጊፋታ በመስከረም የሚመጣ ሰው የሚደርሰው ዋናው የወባ ወቅት ሲጀምር ነው። ሶዶ በዳሞታ ተራራ ጥግ ደጋማ ናት፤ የዘመድ ጥየቃው ግን ወደ ሁምቦና ወደ ዱጉና ፋንጎ ቆላ ያወርዳል። በልጅነት የዳበረው የመቋቋም አቅም በውጭ ዓመታት ይሳሳል፤ “እኔን ወባ አትነካኝም” የሚባለውም ለዚህ ሰው አይሠራም። ከጉዞው በፊት ስለ መከላከያ ኪኒን ሐኪም ይጠይቅ፤ በአጎበርም ይተኛ። ከተመለሰ በኋላ ትኩሳት ከያዘው፣ ወራት ቢያልፉም እንኳ፣ ከወባማ አገር መምጣቱን ሐኪሙ ሳይጠይቀው ይናገር። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት በጉበት ውስጥ ተደብቆ ይቆያል፤ ወባን እምብዛም የማያይ የውጭ ሐኪም ደግሞ በመጀመሪያ የሚያስበው ጉንፋንን ነው።